የዲዳ ጉተማ ለቅሶ

አንድ ወታደር እንኳ ሳያናግሩ ስለ ጦርነት መጽሐፍ የሚጽፉ ሰዎች አሉ። ሆቴል አዳራሽ ተሰብስበው፣ አንዱ የሌላውን ጽሑፍ እየጠቀሰ፣ «ሚሊሺያው ተበተነ» ብለው ያልፋሉ። ማን ተበተነ? ስሙ ማን ነው? እንዲህ ብዬ ስጠይቅ «ሙሉብርሃን ቁጡ ነው» ይሉኛል። አዎ፣ ነኝ።

እትዬ እንቁ ግን ቁጣዬን ከቁም ነገር አይቆጥሩትም። አዳማ ውስጥ ጎረቤቴ ናቸው። በ1970 በሶማሊያ ወረራ ጊዜ የዘመቱ ሰዎችን ለመጽሐፌ እያፈላለግሁ መሆኔን ሲሰሙ ደጄ ድረስ መጡ።

«ወንድሜ ሰይፈሚካኤል ያኔ ዘምቶ ቀረ። ቀበሌዎቹ ከድቷል አሉኝ። ለከዳተኛ አይለቀስም ብለው ድንኳን ከለከሉኝ። ሙሌ፣ ሞቶ ከሆነ ላልቅስለት፤ ከድቶም ከሆነ ልወቀው። እኔ እንደሆንኩ ብዙ አልቆይም።»

ጠይቄ ጠይቄ ዱከም አንድ የቀድሞ ሚሊሺያ አገኘሁ። «ከሰይፈሚካኤል ጋር አንድ ምሽግ የነበረው ዲዳ ጉተማ ነው። የዓለም ጤና ከተማ ሰው ነው» አለኝ። በማግስቱ ዓለም ጤና ነበርሁ።

መንገድ ዳር ሽንኩርት በኬሻ የሚሞሉ ሰዎችን ጠየቅሁ። እርስ በርስ ተያዩ።

«ዲዳ የድሮው ወታደር? ሞቷል» አለ አንዱ።

«መቼ?»

«ቆየ።»

«ኧረ በቅርቡ ነው!» አለች ከጎኑ ያለችው ሴት፣ በክርኗ ጎሸም አድርጋው።

ደሜ ፈላ፤ በእነሱ አይደለም፣ በዘገየሁት በራሴ። «እንግዲያው ቤቱን አሳዩኝ፤ ለቅሶ ልድረስ» አልሁ።

 የዚህ አገር ሰው ለግብር ሰብሳቢ በሩን ይዘጋል፣ ለካድሬ ይዘጋል። ለለቅሶ ደራሽ ግን አይዘጋም። ሴትዮዋ የእጇን አቧራ አራግፋ፣ «እንግዲህ ተከተለኝ» አለች።

ቤቱ ስንደርስ ሴትዮዋ ጂቱ ለምትባል የሟች ልጅ በኦሮምኛ አንድ ነገር በጆሮዋ ሹክ አለቻት። ከንፈሯን ነክሳ አስገባችኝ። አንገቴን ደፍቼ «እግዜር ያጥናችሁ» አልሁና አግዳሚው ላይ ተቀመጥሁ። ፊት ለፊቴ አንድ ሽማግሌ ሬዲዮ ጆሯቸው ላይ ለጥፈው ተቀምጠዋል።

«አሜን» አሉ። «ሟቹን ታውቀው ነበር?»

«አላውቃቸውም። ግን ጀግና እንደነበሩ ሰምቻለሁ።»

«ከማን?»

«ዱከም ካለ ጓደኛቸው።»

«እሱ ውሸታም ነው። ቢሆንም ቀጥል፤ ጋሪዳ፣ ጥሩ ነው፤ ደህና እየሄድክ ነው።»

ጂቱ ሳቋን መያዝ አቅቷት ወደ ጓዳ ሮጠች። ያን ጊዜ ገባኝ። ብድግ አልሁ።

«በሞት ይቀለዳል እንዴ?»

«እኔ ምን አደረግሁ? ጎረቤት ነው የገደለኝ! ደርግ ከወደቀ ጀምሮ፣ የማያውቁት ሰው ስለ ወታደርነቴ ከጠየቀ፣ እንዳልታሰር ሞቷል ይሉታል። ስንቴ እንደቀበሩኝ! ደጎች ናቸው። ተቀመጥ አንተ ልጅ።»

ተቀመጥሁ። ስለ መጽሐፌ ነግሬ የሰይፈሚካኤልን ስም፣ ከድቷል ተብሎም እህቱ እንዳላለቀሱለት ሳነሳ ሬዲዮውን ዘጉ።

«ከድቷል? ማነው ያለው? አጠገቤ ነው የወደቀው! እኔው ነኝ የ...»

መቅረጫዬን ሳወጣ እጄን ያዙኝ።

«አጥፋው። ይህ መጀመሪያ የሚነገረው ለእህቱ ነው። መጽሐፍህ ይጠብቅ።»

ከስንት ፕሮፌሰር ጋር ተከራክሬያለሁ፤ ከእሳቸው ጋር ግን አልተከራከርሁም። አጠፋሁት።

በማግስቱ ጂቱ ኮት አልብሳ ሰደደቻቸው፤ በሚኒባስ አዳማ ገባን። እትዬ እንቁ መምጣታችንን በስልክ ሰምተው በር ላይ ቆመው ይጠብቁን ነበር። ጋሽ ዲዳ ግቡ ቢባሉም ዱላቸውን ተደግፈው እዚያው ቆሙ።

«እህቴ፣ ወንድምሽ አልከዳም። ያዘዙን ቦታ ላይ ሞተ።»

እትዬ እንቁ አላለቀሱም። «ተቀበረ?» አሉ።

«በእነዚህ እጆቼ።»

«ፊቱን ወዴት አደረግከው?»

«ወደ ምሥራቅ። እኔ እስላም ነኝ፤ ሥርዓታችሁን የሚነግረኝ አልነበረም። ጠዋት ጠዋት ሲጸልይ ግን ወዴት እንደሚዞር አይ ነበር።»

ያን ጊዜ እትዬ እንቁ ነጠላቸውን ከትከሻቸው አውርደው ወገባቸው ላይ አሰሩና ጮኹ። በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ጩኸት አልሰማሁም። መንደሩ እየሮጠ ግቢውን ሞላው።

«ምነው? ማን ሞተ?»

«ወንድሜ ነዋ!» አሉ እትዬ እንቁ። ጋሽ ዲዳንም እጃቸውን ይዘው አስገቡና የሟች ቤተሰብ ከሚቀመጥበት ከጎናቸው አስቀመጧቸው።