የቺናሚ ፊት

የኔ ሥራ ዝናብ ነበር። ሰው ሥራዬን ሲጠይቀኝ «ማንጋ እሥላለሁ» እላለሁ፤ በሥዕል የሚነገር ተከታታይ ታሪክ ነው። ወዲያው ዓይኑ ይበራና «የትኛውን ሰው ነው የምትሥለው?» ይለኛል። «ዝናቡን» ስለው ወሬው እዚያው ላይ ያበቃል። ይብቃ። በመምህሬ በኢዋናጋ ሰንሴ ቤት ዝናቡን፣ መንገዱን፣ የመብራት ገመዱንና የሱቁን በር የምሥለው እኔ ነበርኩ። ፊት ግን የሰንሴ ነው። በእኛ ሙያ ረዳት፣ ጠጉሩ ቢሸብትም፣ የዋናዎቹን ሰዎች ፊት አይነካም። ሰንሴ ዓይንና አፍ እስኪያስገቡላቸው ድረስ ሰዎቹ እኔ ጠረጴዛ ላይ ፊት አልባ ሆነው ይቆያሉ፤ እኔም ያለ ርኅራኄ አዘንብባቸዋለሁ።

የምንሥለውን ታሪክ በሀገራችን የማያውቅ የለም። ቺናሚ ጃንጥላ ጠጋኝ ናት። ጎሱኬ ደግሞ ጃንጥላውን እሷ ሱቅ ረስቶ ይወጣና በስብሶ ይመለሳል። ሆን ብሎ እንደሚረሳ ከቺናሚ በቀር ሁሉም ሰው ያውቃል። በቃ፣ ይኸው ነው። በዚህ ነገር አንድ ትውልድ ስቆ አደገ። ቺናሚ ስትስቅ ከላይ በስተግራ ከረድፉ የወጣ ድርብ ጥርስ ብቅ ይላል፤ ሰንሴ እሱን ጥርስ ሲያስገቡ ትንፋሻቸውን ይይዙ ነበር። አንድ ጊዜ የእጄን አንጓ አሞኝ «ለዛሬ እንኳ ዝናቡ ያባራ» ብዬ ለመንኳቸው።

«ዝናቡ ካቆመ ጎሱኬ ምን ብሎ ይመጣል?» አሉኝ። ፋሻ ገዝተው ሰጡኝና ቀጠልን።

መጀመሪያ ታሪኩ የቴሌቪዥን ካርቱን ሆነ። የቺናሚ ድምፅ ጆሮ ይበሳ ነበር፤ ፊቷ ግን የእኛው ፊት ነው፣ ምንም አልልም። ከዚያ በእውነተኛ ሰዎች የተሠራው ፊልም መጣ። ቺናሚን የሆነችው ተዋናይት ክፉ ልጅ አይደለችም፤ ቤታችን ድረስ መጥታ ጎንበስ ብላ እጅ ነስታናለች። ግን በየባቡሩ፣ በየሻይ ጠርሙሱ፣ በየፎቁ ግንብ ላይ እሷ ሆነች። ጥርሷ እንደ ሩዝ ፍሬ የተስተካከለ ነው። እኛ ታሪኩን ገና ሳንጨርስ ፊልሙ ሁለቱን በባሕር ዳርቻ፣ በጠራራ ፀሐይ አጋብቶ ጨረሰው። የጃንጥላ ታሪክ በጠራራ ፀሐይ! አዳራሹ ውስጥ ሰዉ ሲያለቅስ እኔ በንዴት ጥርሴን አፋጭ ነበር። ሰንሴ ግን እስከ መጨረሻው አይተው፣ ሁሉንም አመስግነው ወጡ። ወደ ሰፈራችን ወደ ነሪማ በሚመልሰን ባቡር ውስጥ «ጥርሶቿ ያምራሉ» ከማለት በቀር አንድም ቃል አልተናገሩም።

በዚያው ክረምት ስትሮክ መታቸው። ነፍሳቸው ተረፈች፤ ቀኝ እጃቸው ግን መንቀጥቀጥ እንጂ መሣል አልቻለም። የቀረን የመጨረሻው ምዕራፍ ብቻ ነበር፤ ታሪኩን የሚያወጣው መጽሔትም ለአንባቢ አስታውቋል።

የመጽሔቱ አዘጋጅ ነዙ ኬክ ይዞ መጣ። ነዙ ኬክ ይዞ ከመጣ ደግ ነገር የለም።

«አቶ ማኪኖ፣ ፊቱን እርስዎ ይሣሉት» አለኝ ወደ ኮሪደሩ ወሰድ አድርጎ። «ስንት ዘመን አጠገባቸው ተቀምጠው አይተዋል። ማን ያውቃል?»

«እኔ አውቃለሁ።»

«እሺ፣ ሰንሴ ራሳቸው ቢፈቅዱስ?»

ፈቀዱ። መስኮቱ አጠገብ ተሽከርካሪ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው፣ ቀኝ እጃቸውን እንደ ታመመ ሕፃን በግራቸው ታቅፈው፣ «ሣለው» አሉኝ።

«ሰንሴ፣ እኔ እኮ የዝናብ ሰው ነኝ።»

«ሰማሁህ። አሁን ሰዉ ሁሉ ፊልሙን አይቶ ታሪኩ አልቋል ይላል። ሌላ ሰው በጨረሰልኝ ነገር ተሸኝቼ መሄድ አልፈልግም። እኔ የምነግርህን መጨረሻ ሣልልኝ።»

ጠዋት፣ ብርሃኑ ደህና ሳለ ተቀመጥኩ። ጎሱኬ በር ላይ ቆሟል፤ ቺናሚ ቀና ብላ አይታው ትስቃለች። መሣል ስጀምር እጄ ራሱ መንገዱን ያውቅ ነበር። የጉንጯ ዙሪያ፣ ቅንድቧ፣ ዓይኗ ውስጥ ያለው ብርሃን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ወጣ። ደስ አለኝ፤ ለምን እዋሻለሁ? ያን ሁሉ ዘመን ሌላ ሰው ሲበላ ያየሁትን ምግብ የቀመስኩ መሰለኝ። ነዙ በትከሻዬ በኩል አይቶ «እሷው ራሷ!» አለ። ወስጄ ሰንሴ ጭን ላይ አስቀመጥኩላቸው።

ለረጅም ጊዜ አዩት።

«እየሳቀች ነው?»

«አዎ ሰንሴ።»

«ጥርሷስ?»

ያኔ ነው የታየኝ። ጥርሷ እንደ ሩዝ ፍሬ የተስተካከለ ነው። ጉንጩም፣ ቅንድቡም፣ የአንገቷ አያያዝም፣ ሁሉም የዚያች ልጅ ነው። በየባቡሩ ያየሁትን፣ የጠላሁትን የፊልም ፊት በገዛ እጄ ሠርቼ አመጣሁላቸው። እፍረቱ ጆሮዬን አጋለው።

«ታዲያ ጥርሱን መጨመር ነዋ፣ የአንድ ደቂቃ ሥራ» አለ ነዙ።

«ጥርሱ ቢጨመር ያቺው ልጅ ጠማማ ጥርስ ይዛ ትመጣለች» አሉ ሰንሴ። ቁጣ የለባቸውም። ወረቀቱን በግራ እጃቸው ቀስ ብለው ገለበጡት። «አትዘን፣ ማኪኖ። እኔም ብሆን ዓይኔን ስጨፍን የምትመጣው እሷ ናት። የኔዋ ከጠፋችኝ ቆየች። ደግሞ ልጅቱ ምን አጠፋች፤ ሥራዋን ነው የሠራችው።»

እጃቸውን ሕመም እንደወሰደው አውቅ ነበር። ቺናሚን ከውስጣቸው የወሰደባቸው ሌላ ነገር እንደሆነ ግን እስከዚያ ሰዓት አላወቅኩም ነበር።

ውጭ ማካፋት ጀምሮ ነበር። ሰንሴ መስኮቱን ሲያዩ ቆዩና፣ ሥራ ሲጀምሩ በሚናገሩበት በድሮው ድምፃቸው «ማኪኖ፣ ዝናብ ሣል» አሉ።

«የት?»

«መንገዱ ላይ። ከላይ፣ ጣሪያ ላይ ሆነህ እንደምታየው አድርገህ።»

«ስንት ጃንጥላ?»

«አንድ።»

ነዙ ከተቀመጠበት ተነሣ። «ከላይ ከሆነ እኮ ጃንጥላው ይሸፍናቸዋል! ሰንሴ፣ ፊት የሌለው መጨረሻ? አንባቢ ይበላናል።»

«ይብላን» አሉ። «ከጃንጥላው በላይ ደግሞ የሱቁን ግድግዳ በሌላ ክፈፍ ለብቻው ሣልልኝ። መሐሉን ባዶ ተወው፣ እሱ የኔ ነው።»

ሠራሁት። በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ዝናብ ሥዬ አላውቅም። ስጨርስ ወረቀቱን ሰሌዳ ላይ ወጥሬ ፊታቸው ያዝኩላቸው። ብዕሩን በዚያ በሚንቀጠቀጥ ቀኝ እጃቸው ያዙ። ልረዳቸው እጄን ስዘረጋ «ተው» አሉኝ።

በሀገራችን ትምህርት ቤት የገባ ልጅ ሁሉ የሚያውቀውን ነው የሣሉት። አንድ ጃንጥላ፣ መሐሉን የሚከፍል ዘንግ፣ ከዘንጉ ግራና ቀኝ ሁለት ስም፦ ጎሱኬ፣ ቺናሚ። ልጆች «ይዋደዳሉ» ብለው በሁለት ሰው ላይ ሊቀልዱ ሲፈልጉ ግድግዳ ላይ ይጭሩታል፤ እኔም ተጭሮብኝ አልቅሼ ቤቴ ገብቻለሁ። መስመሩ ተንጋደደ፣ አንዱ ስም ተንሸራቶ ከጃንጥላው ወጣ ሊል ደረሰ።

«የሰፈር ልጅ የጻፈው ነው» አሉ እያለከለኩ። «ቢያምር ኖሮ ውሸት ይሆን ነበር።»

መጽሔቱ ሲወጣ ሰንሴ እንደገና ሆስፒታል ገብተው ነበር። ገሚሱ አንባቢ «ሠርጉስ የት አለ?» ብሎ ተቆጣ፤ ይህን አልነገርኳቸውም። የመጨረሻውን ገጽ ገልጬ ዓይናቸው አጠገብ ያዝኩላቸው።

«ከጃንጥላው ሥር ያለችው ማን ናት?» አሉኝ።

«ቺናሚ ናት፣ ሰንሴ።»

«የትኛዋ?»

ዘንግ በዘንግ የሠራሁትን ጃንጥላ አየሁት። ሥሩ ምንም አልሣልኩም፤ ወረቀት ብቻ ነው።

«ድርብ ጥርስ ያላት» አልኳቸው።

ዓይናቸውን ጨፈኑ። ያንቀላፉ መስሎኝ መጽሔቱን ላጥፍ ስል ከንፈራቸው ተላቀቀ።

«መጣች» አሉ። «እየሳቀች ነው።»

እጃቸውን ያዝኩት። አሁንም ይንቀጠቀጣል።

«ማኪኖ።»

«አቤት ሰንሴ።»

«ዝናቡን እንዳታቆመው።»

ታሪኩ አልቆ፣ ታትሞ፣ በየሱቁ እየተሸጠ ነበር። «እሺ» አልኳቸው።