አንድ ቀን የቀራቸው እንቁላሎች

መብራት የሄደው ረፋዱ ላይ ነው፤ የዶሮ አርቢዋ ስልሳ እንቁላሎች ሊፈለፈሉ አንድ ቀን ሲቀራቸው። መንደሩ መብራት ካገኘ ገና ሦስት ወሩ ነው፤ መፈልፈያ ማሽን ያስገባችውም እሷ ብቻ ነበረች። የሙቀት መለኪያው ዝቅ ማለት ሲጀምር ለመብራት ኃይል ደወለች።

«ደወልሽላቸው?» አሏት አማቷ።

«‹ይመጣል› አሉኝ እማዬ፤ መቼ እንደሆነ ግን እነሱም አያውቁም።»

አማትየው ማሽኑን ከመጀመሪያውም አልወደዱትም። ዛሬ ግን ነገር ሳያበዙ ውሃ አሞቁና በጠርሙስ እየሞሉ ሰጧት። እሷም ጠርሙሶቹን እንቁላሎቹ መሃል እየደረደረች ማሽኑን በብርድ ልብስ ሸፈነችው። ውሃው በቀዘቀዘ ቁጥር እየቀየሩ ዋሉ። መብራት የመጣው አመሻሽ ላይ ነበር።

በማግስቱ አርባ አንዱ ተፈለፈሉ።

«እሰይ!» አሉ አማትየው።

እሷ ግን አላረፈችም። ጫጩቶቹም ሙቀት ይፈልጋሉና፣ መብራቱ ዳግም ቢሄድ ብላ ጀሪካኗን አንስታ ውሃ ልትቀዳ ወጣች።