ዴሎራ የገጠመችው ጠመንጃ

ዴሎራ ሃግስትሮም ጠመንጃ ልገጣጥም ብላ የተነሣችው ደፋር ስለሆነች አልነበረም። ከቤት ስትወጣ ምድጃው መጥፋቱን ሁለት ጊዜ ተመልሳ የምታይ፣ ልጇ መኪና ስትነዳ ደግሞ ጎን ተቀምጣ በሌለ ፍሬን ላይ እግሯን የምትጫን ሴት ናት። ግን ልጇ ሲግኒ ዐሥራ ሰባት ዓመት ሞልቷት ነበር። ለዋዮሚንግ ወጣቶች የረጅም ርቀት ተኩስ ቡድን የሚደረገው ማጣሪያ በሰኔ ነው፤ ስምንት ልጆች ይመረጣሉ፤ በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ዕድሜዋ አይፈቅድላትም። የያዘችው የአያቷን የአጋዘን ጠመንጃ ነው፤ እሱም ከሦስተኛው ጥይት በኋላ አፈሙዙ ሲግል አረሩን ወደፈቀደው ይልከዋል። ለውድድር ተብሎ የተሠራ ጠመንጃ እንዳይገዛ፣ ዴሎራ የምታገኘው የትምህርት ቤት ወጥ ቤት ደመወዝ ዋጋው አጠገብ አይደርስም።

ስለዚህ ዴሎራ በዚያ አገር እጅ ያጠራቸው ተኳሾች የሚያደርጉትን አደረገች። ከእርሻ ዕቃ መደብር ከሁሉ የረከሰውን የአደን ጠመንጃ ገዛች። ሰደፉን አወለቀች፣ አፈሙዙን ፈታች፤ ያስቀረችው መዝጊያውንና መዝጊያ ቤቱን ብቻ ነው፤ አፈሙዙ የሚታሰርበትን፣ መዝጊያው የሚመላለስበትን ብረት። በእሱ ላይ ጥሩ አፈሙዝ፣ ጥሩ ሰደፍና ለስላሳ ምላጭ ካሰሩበት ርካሹ ብረት ከውዱ እኩል ይመታል ይላሉ። አዲሱ አፈሙዝ ጥርሱ አስቀድሞ የወጣለት፣ በትልቅ ዳዶ የሚታሰር ስለሆነ ቶርኖ አያስፈልገውም።

የሚያስፈራው አንድ ነገር ነበር። ጥይት በአፈሙዙ ኋላ ጫፍ ባለው ጎሬ ውስጥ ሲቀመጥ መዝጊያው ከኋላ ጥብቅ አድርጎ ሊደግፈው ይገባል። ክፍተቱ ከአንድ ወረቀት ውፍረት በላይ ከሰፋ፣ ባሩዱን የያዘው የናስ ቀለህ በተተኮሰ ቁጥር ይለጠጣል፣ ይሳሳል፣ አንድ ቀን ለሁለት ይበጠሳል። ያን ጊዜ እሳቱ ወደ ተኳሹ ፊት ይመለሳል። ዴሎራ ይህን ከሰማች ጀምሮ የሚታያት የልጇ ሁለት ዓይኖች ነበሩ።

ለዚህ ነው ጎረቤቷን ኦሪን ተትልን የጠራቻቸው። ኦሪን ሰባ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው፤ አርባውን ዓመት ቶርኖ ላይ ቆመው የከብት አርቢዎቹን ጠመንጃ ሲጠግኑ ኖረዋል። ጋራዡ ውስጥ ገብተው ሞርሳው ላይ የታሰረውን መዝጊያ ቤት አገላብጠው አዩት።

"በአህያ ጀርባ ላይ የሐር ኮርቻ!" አሉ።

"አህያም መንገድ ያውቃል፣ አባባ ኦሪን" አለች ሲግኒ።

"መራገጥ ነው የሚያውቀው። ነይ እስቲ ዴሎራ፣ ቅረቢ፤ አይበላሽም።"

ከኪሳቸው በጨርቅ የተጠቀለሉ ሁለት የብረት መለኪያዎች አወጡ። ሁለቱም ጥይት ይመስላሉ።

"ይቺ 'ሂድ' ትባላለች። መዝጊያው በሷ ላይ መዘጋት አለበት። ይቺ 'አትሂድ' ናት፤ በሷ ላይ እንቢ ማለት አለበት። መጀመሪያ 'ሂድ'ን አስገቢና መዝጊያውን ዝጊ። ከዚያ እስኪነካት ድረስ አፈሙዙን በእጅሽ አዙሪ። ሲነካት ዳዶውን ታጠብቂያለሽ።"

"መንካቱ በምን ይታወቀኛል?"

"በእጅሽ።"

"እጄ ባይነግረኝስ?"

"እንግዲያው እግርሽን ጠይቂ! አዙሪ እንጂ፣ ሴትዮ።"

ዴሎራ አዞረች። አፈሙዙ እየገባ፣ እየገባ ሄደና አንድ ነገር ገፋት።

"እንደ ትራስ ነው የሚገፋኝ" አለች።

"ነክቷል ማለት ነው። እሰሪው።"

አሰረችው። 'አትሂድ'ን ስታስገባ የመዝጊያው እጀታ ግማሽ መንገድ ወርዶ ወደ ላይ ተመለሰባት። ኦሪን ጭብጨባ ቀረሽ በሆነ ደስታ ጀርባዋን መታ መታ አደረጉላት። ዴሎራ በማግሥቱ ብቻዋን ሦስት ጊዜ ለካችው፤ ሦስቱንም ጊዜ ያው ነው።

ጠመንጃው መታ። ሲግኒ ከሦስት መቶ ያርድ አምስት ጥይት ተኩሳ አምስቱን ቀዳዳ በአውራ ጣቷ ስትሸፍናቸው፣ እናትየው ሣሩ ላይ ቁጭ ብላ ሳቀች። በጸደዩ ወራት በየቅዳሜው ተለማመዱ። በዚያ አገር ቀለህ አይጣልም፤ ይለቀማል፣ ይጠረጋል፣ አዲስ ባሩድና አረር ይሞላል። ለቃሚዋ ዴሎራ ነበረች። ያንኑ ሃምሳ ቀለህ አራት ጊዜ ሞሉት።

የማጣሪያው ቀን ማለዳ ነፋሱ ከምዕራብ ነበር። የተኩስ ሜዳው ከአንድ ከብት አርቢ ግጦሽ ላይ የተከለለ ነው፤ ኢላማዎቹ ከገደሉ ማዶ ነጭ ሆነው ይታያሉ። የውድድሩ ኃላፊ ናዲን ክሮል ቀይ ሰደርያ ለብሳ፣ ስም ዝርዝር ይዛ ወዲያ ወዲህ ትላለች። ሲግኒ ከመጀመሪያው ዙር በፊት የጠመንጃዋን ማነጣጠሪያ መነጽር ለማረጋገጥ አምስት ጥይት ተኮሰች፤ ዴሎራም እንደ ልማዷ አጎንብሳ ቀለሆቹን ለቀመች።

አንደኛውን ስታነሣ ፀሐይ ያዘችው። ከታች፣ ከመቀመጫው አንድ ጣት ያህል ከፍ ብሎ፣ ቀለሁን ዙሪያውን የከበበ የሚያበራ መስመር አለ። ሁለተኛውን አየች። እሱም አለው።

ይህ መስመር ሊበጠስ የተቃረበ ቀለህ ምልክት ነው ሲሉ በውድድር ሜዳ ሰምታለች። ማረጋገጫውንም ሰምታለች። ከናዲን ጠረጴዛ የወረቀት ክሊፕ አንሥታ ዘረጋችው፣ ጫፉን በጥቂቱ አጠፈችው፣ ቀለሁ ውስጥ ከትታ በግድግዳው ላይ ከታች ወደ ላይ ጎተተችው። ሽቦው ተንሸራተተ፣ ተንሸራተተና አንድ ቦታ ላይ ቆም አለ፤ ቦይ ውስጥ እንደገባ። አውጥታ ደገመችው። እዚያው ቦታ ቆመ። ሦስተኛ ጊዜ ስትሞክር እጇ ስለተንቀጠቀጠ የሽቦውን መቆም ከራሷ መንቀጥቀጥ መለየት አቃታት።

ወደ ኦሪን ሄደች። ታጣፊ ወንበር ላይ ተቀምጠው የካም ሳንድዊች ይበላሉ።

"እስቲ ይሄን ይዩልኝ።"

ቀለሁን ወደ ብርሃን አዞሩት። "የርካሽ ጎሬ ጠባሳ ነው። አህያ ላይ ያሰርሽውን ረሳሽ?"

"ውስጡን በሽቦ ነካሁት። ቦይ አለው።"

ኦሪን ሽቦውን ተቀብለው ሞከሩ፤ ራሳቸውን ነቀነቁ። "እኔ ምንም አልተሰማኝም። የኔ ጣት ደግሞ ከሞተ ቆይቷል። አንቺ እኮ ዴሎራ፣ ልጥ ሁሉ እባብ ነው የሚመስልሽ።"

በዚያው ቅጽበት ናዲን ስም መጥራት ጀመረች። ሲግኒ በተራ ሦስተኛ ናት። ጠመንጃዋን ታቅፋ ወደ ተኩስ መስመሩ ስትሄድ ዴሎራ ፊት ለፊቷ ቆመች።

"ትንሽ ቆዪ።"

"እማ፣ አሁን አይደለም።"

"ቀለሁ ውስጥ ቦይ አለ። የሚበጠስ ይመስለኛል።"

"ይመስልሻል?"

"ይመስለኛል።"

"አባባ ኦሪን ምን አሉ?"

"ምንም የለም አሉ።"

ሲግኒ ዓይኗን ወደ ሰማይ ወረወረች። "ባለፈው ክረምት ጉንፋኔን የማጅራት ገትር ነው ብለሽ ሐኪም ቤት ወስደሽኛል።"

"እሱ ላይ ተሳስቻለሁ።"

"ሐይቁ በረዶ ላይስ? የከብት መኪና የቆመበት በረዶ ይሰበራል ብለሽ በልጆቹ ሁሉ ፊት ጎትተሽ አወጣሽኝ።"

"እሱም ላይ ተሳስቻለሁ።"

"ታዲያ?"

ልጅቱ ልክ ናት። ዴሎራ በሕይወቷ ከፈራቻቸው ነገሮች አብዛኛዎቹ አልደረሱም። ይህም ካልደረሰ የልጇን የመጨረሻ ዕድል በክሊፕ ሽቦ አጠፋችው ማለት ነው። ከደረሰ ደግሞ... ሁለተኛውን ጫፉ ድረስ አላሰበችውም። እጇን ዘርግታ መዝጊያውን ወደ ኋላ ሳበች፣ ከመዝጊያ ቤቱ ሙሉ በሙሉ አወጣችው፣ ኮቷ ኪስ ውስጥ ከተተችው።

"እማ! ሰው እያየን ነው!"

"ይየን።"

ናዲን መጣች። "ምንድነው ችግሩ?"

"እናቴ መዝጊያዬን ሰረቀችኝ" አለች ሲግኒ፤ ድምፅዋ ተሰበረ።

ናዲን ሁለቱንም አየቻቸው። "ዴሎራ፣ ስትጠራ ለመተኮስ ቦታዋ ላይ በሆዷ ካልተኛች ይህ ዙር ዜሮ ነው። እኔ ልለውጠው አልችልም።"

"ዐውቃለሁ። መጋዝ ያለው ሰው አለ?"

መጋዝ ያላቸው ኦሪን ናቸው። ሳንድዊቻቸውን ወንበሩ ላይ አስቀምጠው፣ እያጉረመረሙ ከመኪናቸው የብረት መጋዝ አወጡ። ዴሎራ ቀለሁን በፒንሳ ያዘችው፤ እሳቸው ከአፉ እስከ መቀመጫው በቁመቱ ሰነጠቁት። በመካከሉ ሲግኒ ተጠራች። ናዲን ሁለተኛ ጠራች፤ ሦስተኛ ጠራች፤ ወረቀቷ ላይ አንድ ነገር ጻፈች። ሲግኒ ጀርባዋን ሰጥታ ቆመች።

ቀለሁ ለሁለት ተከፈለ። ከውስጥ፣ ያ የሚያበራ መስመር ባለበት ትይዩ፣ በጥፍር የተፋቀ የሚመስል ቦይ ግድግዳውን ዞሮታል። እዚያ ላይ ናሱ እንደ ወረቀት ስስ ነው። ኦሪን ግማሹን ወደ ፀሐይ አዙረው አዩት።

"አንድ ጊዜ" አሉ በመጨረሻ። "ቢበዛ ሁለት ጊዜ ደግሞ ቢተኮስ ይበጠስ ነበር።"

ሲግኒ ዞረች። ግማሹን ቀለህ ተቀብላ በጣቷ ጫፍ ነካችው።

"መዝጊያውን ስጪኝ" አሉ ኦሪን። ተቀብለው ፊቱን ወደ ላይ አደረጉና አውራ ጣታቸውን ጫኑበት። ከፊቱ ጠርዝ ላይ ትንሽ ብረት ወደ ውስጥ ገባች፣ ተመልሳ ወጣች። ደግመው ጫኑ። ተመልሳ ወጣች። ፊታቸው ቀላ።

"ሞላ" አሉ። "ቀለህ የምትወረውረው ሞላ። እኔ በምሠራባቸው የድሮ ጠመንጃዎች ወርዋሪው መዝጊያ ቤቱ ላይ ነው የሚቆመው፤ መዝጊያው ፊት ላይ ምንም የለም። በዚህ ግን ከመለካታችን በፊት ይቺን ማውጣት ነበረብን። ያን ቀን የገፋሽ የአፈሙዙ መንካት አይደለም ዴሎራ። ይቺ ናት፤ 'አትሂድ'ንም የመለሰችብሽ እሷ ናት፣ ክፍተቱ ግን ሰፍቶ ቀረ።"

"እንደ ትራስ ብዬዎት ነበር።"

"ብለሽኛል።" ኦሪን ባርኔጣቸውን አወለቁ። "ብለሽኛል፣ እኔ አልሰማሁሽም። ዛሬም ጠዋት ነግረሽኝ አልሰማሁሽም።"

ዴሎራ ልትወቅሳቸው ፈልጋ ነበር። ግን ሽማግሌው መዝጊያውን ደጋግመው ሲያገላብጡ ስታይ፣ የሳንድዊቹን ፍርፋሪ ከሸሚዛቸው ላይ አራገፈችላቸው።

ናዲን የተሰነጠቀውን ቀለህ አየች፣ ወደ መኪናዋ ሄደች፣ የራሷን ጠመንጃና አንድ ሳጥን ጥይት ይዛ ተመለሰች።

"ሲግኒ፣ እንኪ። አንዱ ዙር አምልጦሻል፤ አምስት ይቀራል።"

"ያንቺን መነጽር አላውቀውም።"

"ሁለት ጥይት ሞክሪና እወቂው። እዚህ ሜዳ ላይ ጠመንጃ ተበላሽቶበት ቁጭ ያለ ልጅ አይቼ አላውቅም፤ ዛሬም አልጀምርም።"

ሲግኒ ወሰደች። ሰደፉ ረዝሞባት ነበር፤ በሁለተኛው ዙር ሦስት ሳተች። በሦስተኛው አንድ። ከዚያ በኋላ አልሳተችም። ዴሎራ ሁሉንም ዙር ቆማ አየች፤ በየተኩሱ ዓይኗን ጨፍና ትገልጣለች።

ከሰዓት በኋላ ናዲን ስምንቱን ስም አነበበች። የሲግኒ ስም የለበትም። ሠሌዳው ላይ ሲታይ ዘጠነኛ ናት፤ ከስምንተኛው ልጅ የምታንሰው በአራት ነጥብ ነው። ያመለጣት ዙር ዐሥር ነጥብ ነበረው።

ወሬው ሜዳውን ዞሮት ስለነበር፣ በዳዶ በታሰረ አፈሙዝ የሚተኩሱ ሰዎች ቀለሆቻቸውን በእፍኝ ይዘው ወደ ዴሎራ መጡ። "የኔንም ንኪልኝ እስቲ" አላት አንድ አባት፣ ያፈረ መስሎ። ዴሎራ አራቱን ነካችለት፤ ደህና ናቸው። ከሰዎቹ ትከሻ በላይ ስታይ ግን ሲግኒ መኪና ውስጥ ብቻዋን ተቀምጣለች። ክሊፑን ለኦሪን ሰጠቻቸው።

"የኔ ጣት እኮ..." አሉ።

"የሌላ ሰው ጣት ይፈልጉ" አለቻቸውና ሄደች።

መኪናው ውስጥ ገብታ በሩን ዘጋች። ሲግኒ አልቅሳ ጨርሳለች።

"ጥሩ አድርጌያለሁ እንዳትይኝ።"

"አልልሽም።"

"ተርፈሻል፣ አመስግኚም እንዳትይኝ።"

"አልልም።"

"ልክ ነሽ። ዐውቃለሁ ልክ ነሽ። ግን ተናድጄብሻለሁ።"

"እሺ።"

"በጣም ነው የተናደድኩት፣ እማ።"

"ተናደጂ። ቤታችን ድረስ ሁለት ሰዓት መንገድ ነው።"

ዴሎራ ሞተሩን አስነሣች። ከግጦሹ አጥር ወጥተው ጥርጊያውን መንገድ እስኪይዙ ሲግኒ በመስኮቱ ወደ ውጭ ታይ ነበር። ከዚያ ዞር ብላ እናቷን አየቻት።

"ቀበቶሽን አላሰርሽም" አለቻት።