የሌሉት ተጫዋቾች

ትዝታ ንፋስ መውጫ ላይ የስፖርት መምህርት ናት። የደጋ ኮከብ እግር ኳስ ክለብ ጸሐፊ ከሆነች ደግሞ አራት ዓመቷ ነው፤ ደብዳቤ ትጽፋለች፣ ማኅተም ትይዛለች። ኮሮና ገብቶ ውድድር ሲዘጋ የክለቡ የመግቢያ ገቢ ተቋረጠ፣ ደመወዝም ቀረ። ተጫዋቾቹ አንድ ባንድ ወደ መተማ ሰሊጥ አጨዳ ወረዱ።

በጥር ወር መንግሥት በበሽታው ምክንያት ለከሰሩ ክለቦች ብድር ሊሰጥ ነው ተባለ። ደጋ ኮከብም አመለከተ። ለብድሩ ሃያ ሁለት ተጫዋች ያስፈልግ ነበር፤ ከተማው ውስጥ የቀሩት ግን ዘጠኝ ብቻ ነበሩ።

«አንቺ ያምናውን ዝርዝር ገልብጪው» አሏት ሊቀ መንበሩ አቶ ተስፋሁን። «ብሩ ሲገባ ልጆቹ ይመለሳሉ።»

ስትገለብጥ አንተነህ የሚለው ስም ላይ ስትደርስ እጇ ቆመ። አንተነህ በረኛ ነበር። ጥቅምት ላይ መተማ ወባ ይዞት ሞቷል፤ ለቅሶው ላይ እሷም ተቀምጣለች። ስሙን ብታወጣው ሃያ አንድ ይሆናል። ጻፈችው፣ ፈረመች፣ ማኅተሙን መታች።

የካቲት ላይ፣ አንድ ረቡዕ፣ አቶ ተስፋሁን ደወሉላት።

«ነገ ከባሕር ዳር ተቆጣጣሪ ይመጣል። ተጫዋቾቹን በዓይኑ ካላየ ብድሩ አይለቀቅም።»

«የትኞቹን ተጫዋቾች ነው የሚያየው ጋሼ?»

«የከተማው ጎረምሳ ሞልቶ የለ? ማልያ አልብሰን እናቆማለን። ስም ሲጠራ አቤት ይላሉ፣ አለቀ።»

«እኔ ፈራሁ። ቢታወቅስ?»

«ዝርዝሩ ላይ ያለው ፊርማ የማን እንደሆነ አትርሺ» አሏትና ስልኩን ዘጉት።

ትዝታ በሐሰተኛ ሰነድ የታሰረ አንድ ሰው ታውቃለች፤ ሚስቱ ሳህን በፌስታል ቋጥራ ደብረ ታቦር ስትመላለስ አይታለች። ለእሷ ማን ይመላለስላት ይሆን? እናቷ የሚኖሩት አርብ ገበያ ከተማ ነው፣ እግራቸውንም ያማቸዋል። እህል ባፏ ሳይዞር ነጋ።

ጠዋት ከዘጠኙ ተጫዋቾች ጋር የሚቆም አሥራ ሦስት ሰው ተሰበሰበ። ሁለት ተሸካሚዎች፣ አንድ ፀጉር አስተካካይ፣ ቅንድቡ ላይ ዱቄት ያልረገፈለት የወፍጮ ቤት ሠራተኛ። ትዝታ ለእያንዳንዱ ስም ሰጠች። የአንተነህን ስም ተክሌ የሚባል የባጃጅ ሹፌር ወሰደው። ሰውየው ከእስቴ ከመጣ ገና ወሩ ነው፤ የማን ስም እንደሆነ አያውቅም፣ እሷም አልነገረችውም።

ክለቡ ሊመለስ ነው የሚል ወሬ ስለተነዛ ሜዳው ዳር ሰው ተሰብስቧል። ተቆጣጣሪው አቶ ታምራት ቀጠን ያሉ፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሰው ናቸው። ወረቀታቸውን አውጥተው መጥራት ጀመሩ። አሥር ስም ያህል እንደተጠራ ትዝታ ቀና ስትል፣ ከሰዉ መካከል ጥቁር የለበሱ ሴት አየች። የአንተነህ እናት፣ ወይዘሮ ላቀች።

ሮጣ አጠገባቸው ደረሰች።

«እትዬ ላቀች፣ ፀሐዩ በረታ። ይምጡ፣ ጥላ ሥር ልውሰድዎት።»

«ተዪኝ ልጄ፣ ጓደኞቹን ልያቸው። ማልያውን ካየሁት ስንት ጊዜዬ።» እጇን ያዟት። «ምነው፣ እጅሽ በረዶ ሆነ? አሞሻል እንዴ?»

«እባክዎት፣ እንሂድ...»

«አንተነህ ውባለም!» አሉ አቶ ታምራት።

«አቤት!» አለ ተክሌ።

ወይዘሮ ላቀች የትዝታን እጅ ለቀቁት። ሁለት እርምጃ ወደ ፊት ሄዱ። «ማነው አቤት ያለው?» አሉ። «ማነው?» ብለው ጮኹ።

አቶ ታምራት ከወረቀታቸው ቀና አሉ። አቶ ተስፋሁን ፈጠን ብለው ጠጋ አሉና «ኀዘን የጎዳቸው እናት ናቸው፤ ራሳቸውን አያውቁም፤ እርስዎ ይቀጥሉ» አሉ።

ትዝታ እስከዚያች ሰዓት ድረስ ዝም ለማለት አስባ ነበር። ግን እኒህ ሴት አብደዋል ሲባል ስትሰማ አፏ በራሱ ተከፈተ።

«ራሳቸውን ያውቃሉ። አንተነህ ልጃቸው ነው፤ ጥቅምት ላይ ሞቷል። ዝርዝሩን የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

አቶ ታምራት ወደ ተሰለፉት ዞሩ። «ከነዚህ ውስጥ እውነተኛው ስንት ነው?»

«ዘጠኝ።»

ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱትና ወደ መኪናቸው ሄዱ። ተክሌ ማልያውን አውልቆ የት እንደሚያስቀምጠው ጠፍቶት ቆመ።

ከዚያ በኋላ ያሉት ሦስት ሳምንታት ለትዝታ እንቅልፍ የሌለባቸው ነበሩ። መኪና በራፏ አጠገብ ቆም ባለ ቁጥር ተነሥታ ነጠላዋን ትለብሳለች። ፖሊስ ሁለት ጊዜ ጠርቶ ቃሏን ተቀበለ። አቶ ተስፋሁን ስለ ዝርዝሩ ምንም እንደማያውቁ ተናገሩ። በመጨረሻ፣ ብሩ ስላልተለቀቀ ክስ አይመሠረትም ተብሎ በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጣት። ብድሩ ተከለከለ፤ ደጋ ኮከብም በዚያው ፈረሰ።

ከፖሊስ ጣቢያው ይልቅ የሚያስፈራት የወይዘሮ ላቀች ቤት ነበር። ይቅርታ ለመጠየቅ የንስሐ አባቷን አባ ተክለሃይማኖትን ይዛ ሄደች። እግራቸው ላይ ልትወድቅ ስትል ወይዘሮ ላቀች ትከሻዋን ይዘው አስቀሩዋት። አባ ጸሎት አድርሰው፣ ሁለቱን ለብቻቸው ይተዉአቸው ዘንድ ወደ ደጅ ወጡ።

«ፖሊስ አሠቃየሽ?» አሉ ወይዘሮ ላቀች።

«የለም። እርስዎን ነው የፈራሁ።»

«እኔ የፈራሁትን ልንገርሽ? ያ ሰው አቤት ሲል ደስ አለኝ። አለ፣ አልሞተም አልሁ። ቀብሬው፣ አፈር አልብሼው መጥቼ! አሁን በመንገድ ሰው አቤት ባለ ቁጥር ዞር እላለሁ። ይኸ ነገር መቼ እንደሚተወኝ እንጃ።»

«ይቅር ይበሉኝ» አለች ትዝታ።

«ይቅር ብየሻለሁ ብል ውሸት ይሆናል» አሉ ወይዘሮ ላቀች። «በፋሲካ ነይ። ያኔ ደግሞ እንተያይ።»

ትዝታ እጃቸውን ስማ ወጣች።