ለስምንት ሰው የሚበቃ ዙሪያ

አማቴ ክብ ጠረጴዛ ያዘዙት ባሌን ነው። አናጺ ልጅ እያላቸው ሌላ ጋ ቢሄዱ ሰው ይታዘባል። «ለስምንት ሰው ይሁን» አሉት። ስምንተኛው ማን እንደሆነ ሁላችንም ገብቶናል፤ ባሌም ስለገባው ነው ፊቱን ያጠቆረው።

ስምንተኛው ታናሽ ወንድሙ ነው። አብረው ሲሠሩ ቆይተው ተጣሉና ታናሽየው ከመንገዱ ማዶ የራሱን የእንጨት ሥራ ቤት ከፈተ። ከዚያ ወዲህ አንዱ የሌላውን መጋዝ ይሰማል እንጂ ድምፁን አይሰማም። አማቴ ሁለቱን ልጆቻቸውን ባንድ ማዕድ ሳያዩ እንዳይሞቱ ይፈራሉ። ይህን ፍርሃታቸውን በየሳምንቱ ይነግሩናል፤ ጤናቸው ግን ከኔ ይሻላል።

ጠረጴዛው ሲያልቅ ሊያዩ መጡ። ልብስ ሰፊ ናቸው፤ ሜትር ካንገታቸው አይወርድም። ሜትሩን አውልቀው በጠርዙ ዙሪያ አዞሩት።

«አራት ሜትር ከሃያ» አሉ። «አንድ ሰው ስልሳ ሴንቲ ካላገኘ ክርኑ ካጠገቡ ሰው ሳህን ውስጥ ይገባል። ይሄ የሰባት ሰው ነው። አንዱን ልጄን የት ጣልከው?»

«እንጨቱ አልበቃ ብሎ ነው፣ እማዬ።»

የተረፈው እንጨት ከኋላው ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። ሁላችንም አየነው።

«አንዴ ተቆርጧል» አለ ባሌ። «ለአንድ ሰው ብዬ እንደ አዲስ ልሥራ እንዴ?»

«እንደ አዲስ ማን ሥራ አለህ? ዙሪያውን አሥር ሴንቲ ጠርዝ ጨምርበት። ክብ ቀሚስም አሥር ሴንቲ ሲረዝም የታችኛው ዙሪያው ስልሳ ምናምን ይጨምራል። በዚህ የተነሳ ስንቴ ዳንቴል አጥሮኛል መሰለህ!»

ባሌ አላመነም። እርሳስ አውጥቶ አሥሩን በሁለት፣ ያንን ደግሞ በሦስት ነጥብ አንድ አራት አባዛ። ስልሳ ሁለት ነጥብ ስምንት ወጣ። ጠረጴዛው ትንሽም ይሁን ትልቅ፣ አሥር ሴንቲ ጠርዝ ማለት አንድ ሰው ማለት ነው። ወንድሙን ለማስቀመጥ የሚያስፈልገው ይህችው ብቻ መሆኗን ሲያይ ይባስ ተናደደ።

ቢሆንም ሠራው። ጠርዙን በየቁራጩ አጉብጦ ቆረጠና ኮላ ቀባው። ችግሩ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ ቁራጮቹ እንዲይዙ ዙሪያውን በገመድ ጠምጥሞ ከሁለት ወገን እኩል መወጠር ያስፈልጋል። አንዱን ጫፍ እኔ ያዝኩ፤ ጉልበቴ አልበቃም። ኮላው ሊደርቅ ነው፣ ባሌን ላብ አጠመቀው።

አማቴ ወጥተው መንገዱን ተሻገሩ። ምን እንዳሉት አላውቅም። ታናሽየው ከነእንጨት ብናኙ ሮጦ ገባና ሰላም እንኳ ሳይል ገመዱን ተቀበለኝ።

«ሳብ» አለ ባሌ።

«እየሳብኩ ነው። አንተ ነህ ያላላኸው።»

«እኔ?»

«አዎ አንተ! ጨምር።»

ባሌ ጨመረ። ገመዱ ታስሮ ካለቀ በኋላ ታናሽየው እጁን ጠርጎ ወደ በሩ አየ።

«ኮላው እስኪይዝ አትሂድ» አለው ባሌ፣ ቀና ሳይል።

ገመዱ አንዴ ከታሰረ ኮላው በራሱ ይይዛል፤ ጠባቂ ሰው አያስፈልገውም። ሁለቱም አናጺዎች ናቸው፤ ያውቃሉ።