የማይጠረግ ፍርፋሪ

እኔ ስልክ ጠጋኝ ነኝ። ጠረጴዛዬ ላይ አንዲት ብሎን ከቦታዋ ከወጣች ሥራ አይሆንልኝም። እህቴ "አንተ እኮ መጥረጊያ ይዘህ ነው የተወለድከው" እያለች ትስቅብኝ ነበር።

እሷ ልብስ ሰፊ ናት። ከሚደበድባት ባሏ ሸሽታ ሩቅ ከተማ ተከራይታለች፤ ያለችበትን የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። ገንዘቧን የምታስቀምጠው በክሪፕቶ፣ ማለት በኢንተርኔት ገንዘብ፣ ቦርሳ ነው፤ ቦርሳው በእኔም ስልክ ላይ ስላለ ኪራይዋን የምከፍለው እኔ ነኝ። ቦርሳው ሁለት ኪስ አለው። አንዱን ባሏ ያውቀዋል፤ ባዶ አድርገን ትተነዋል። አዲሱን ግን አያውቀውም። ይህ ገንዘብ ከየት ወጥቶ የት እንደገባ ማንም ያያል፤ የማን እንደሆነ ግን አያይም። የሁለቱ ኪስ ገንዘብ በአንድ ክፍያ አብሮ ከወጣ ብቻ ባለቤታቸው አንድ መሆኑ ይታወቃል።

አንድ ቀን ባዶው ኪስ ውስጥ ክብሪት እንኳ የማይገዛ ፍርፋሪ ገንዘብ ገባ።

"እሱ ነው" አለች እህቴ ደውላ።

"እንዳትነኪው። ከሌላው ገንዘብሽ ጋር ወዴት እንደሚሄድ ለማየት ነው የጣለው።"

"እኔማ በምን እጄ!"

የኪራዩ ቀን ሱቁ በደንበኛ ተጨናንቆ ነበር። ቦርሳውን ስከፍተው ሒሳቡ እዚህም እዚያም ተበታትኗል። ዓይኔ አልወደደውም። "ሁሉንም ሰብስብ" የሚለውን ተጫንኩና ፍርፋሪውንም አብሬ ከፈልኩ። እጄ ከአእምሮዬ ቀደመ።

ከሰዓት በኋላ ማንም በማያውቀው በአዲሱ ኪስ ሁለተኛ ፍርፋሪ ገባ። አከራይዋ የመክፈያ ኮዷን ከቤቱ ፎቶ ጋር ማስታወቂያ ላይ ለጥፋዋለች። ኪራዩ የት እንደገባ ያየ ሰው በሩን ያገኘዋል።

"አሁኑኑ ከቤት ውጪ!" አልኳት ደውዬ።

"እኔ አልነካሁትም። አንተስ?"

"ሒሳቡን ስሰበስብ አብሬ ጠረግሁት" አልኳት። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሉ የለ።

"አንተና መጥረጊያህ" አለች። አልሳቀችም።

የስፌት መኪናዋን እንኳ ሳትይዝ ወጣች። ባሏ በማግስቱ ደርሶ በሩን እንደሰበረ አከራይዋ ነገረችኝ። እህቴ ግን የት እንደገባች ለማንም አልተናገረችም። ለእኔም ጭምር። አልፈርድባትም።

አሁን በየወሩ መጀመሪያ በራሴ ቦርሳ አንዲት ፍርፋሪ ትገባለች። "አለሁ" እያለችኝ ይሆን? ወይስ እሱ ነው፣ ተነሥቼ ስፈልጋት ሊከተለኝ? አላውቅም። ስልኩን እከፍታለሁ፣ አያታለሁ፣ እዘጋለሁ። ሰባት ሆነዋል። አንዷንም አልጠረግሁም።