ቁጥር አንድ ምእመን

ቤተ ክርስቲያኑ መቃብር አልነበረውም። ሰማንያ የፕላስቲክ ወንበር ነበረው፤ ኪቦርድ፣ በሦስት ቋንቋ የተጻፈ ታፔላ፣ ክብ ማኅተም ነበረው። በሁለት ዓመት ውስጥ ግን ሰው ሲሞት የት እንደሚቀበር የጠየቀ አልነበረም። ከኮሪያ የመጣው ፓስተር ቾይ አልጠየቀም። አስተርጓሚው ዱሬቲም አልጠየቀችም። እሷ እንኳ አምቦ ተወልዳ፣ አምቦ ዩኒቨርሲቲ ተምራ፣ እዚህ አገር ከጣሪያው በፊት መቃብሩ እንደሚታሰብ እያወቀች ዝም አለች። ሐሙስ ንጋት ላይ እማማ ዘነበወርቅ ሞቱ።

ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ሲሆን ዱሬቲ በአዳራሹ ግቢ ውስጥ በሁለት ሰዎች መካከል ቆማ ነበር። በአንድ በኩል ፓስተሩ፣ በሌላ በኩል ግቢውን ያከራዩት ኦቦ ነገራ።

"እዚያ ጥግ ከጽዱ ሥር እንዲቀበሩ ፍቀዱልን በያቸው" አለ ፓስተሩ በእንግሊዝኛ።

"ፓስተር፣ ይሄንን ባልተረጉመው ይሻላል።"

"እባክሽ ተርጉሚው።"

ተረጎመችው። ኦቦ ነገራ መጀመሪያ ሳቁ። የሚስቁት ብቻቸውን መሆኑን ሲያዩ ፊታቸው ተለወጠ።

"ዋቃዮ! ልጄን የምድርበት ግቢ እኮ ነው! ለጸሎት ብለውኝ ነው ያከራየሁት። ሬሳ ተከራይ ሆኖ ያውቃል? ውሉ ሲያልቅ ምን ልላቸው ነው፣ ቤት ልቀቁ ልበላቸው?"

"ምን አሉ?" አለ ፓስተሩ።

"አይሆንም አሉ።"

"ብዙ ነው የተናገሩት።"

"ዋናው እሱ ነው።"

ኦቦ ነገራ ነጠላቸውን አጣፍተው ወደ ለቅሶው ቤት ሄዱ። ለቅሶው ቤት ሩቅ አይደለም፤ ከአዳራሹ ፊት ለፊት፣ መንገዱን ብቻ ተሻግሮ ነው። የእድሩ ድንኳን ከተተከለ ቆይቷል። እድሩ የእማማ ዘነበወርቅን ሃይማኖት አልጠየቀም፤ አግዳሚውንና ብረት ድስቱን እንደማንኛውም ሰው አመጣ። ችግሩ ከድንኳኑ በኋላ ያለው ነበር።

ፓስተር ቾይና ሚስቱ ሱንሂ አምቦ እንደ ገቡ የመጀመሪያዎቹን ወራት ብቻቸውን ነው የጸለዩት። ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተነስተው፣ ብርድ ልብስ ተከናንበው፣ ባዶ አዳራሽ ውስጥ ይዘምሩ ነበር። ቀን ቀን ፓስተሩ አፋን ኦሮሞ ይማራል፤ "አካም ቡልተን" እያለ እንዴት አደራችሁ የሚላቸው የባጃጅ ሾፌሮች ሁሉ መልሱን እንዳይረዳ አፍጥነው ይመልሱለታል። ሱንሂ ጥቅል ጎመን በጨውና በበርበሬ ትዘፈዝፋለች። ሰው አይመጣም። አንድ የጥቅምት እሑድ እማማ ዘነበወርቅ መጡና የፊተኛው ወንበር ላይ ተቀመጡ።

"ምን አመጣዎት ብለሽ ጠይቂልኝ" ብሎ ነበር ያኔ ፓስተሩ፣ ዓይኑ እንባ ሞልቶ።

እማማ ዘነበወርቅ የመለሱት ለዱሬቲ በጆሮዋ ነው፦ "ሁለት ሰው ከአገሩ ርቆ ባዶ ቤት ውስጥ ሲዘምር እሰማለሁ፤ አሳዘኑኝ። ሰው የላቸውም እንዴ? ትንሽ ልቀመጥላቸው ብዬ ነው።"

ዱሬቲ ሥራ ከጀመረች ሦስተኛ ሳምንቷ ነበር። የፓስተሩን ፊት አየች። "መዝሙሩ ጠራኝ ነው የሚሉት" ብላ ተረጎመች።

ያ ዐረፍተ ነገር ወደ ኮሪያ ሄደ። ቡሳን ያለው የፓስተሩ ቤተ ክርስቲያን አተመው፣ ጸለየበት፣ ከእማማ ፎቶ ጋር ግድግዳ ላይ ለጠፈው። በአዳራሹ መዝገብ ላይም ቁጥር አንድ ሆነው ተጻፉ። እማማ ዘነበወርቅ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ እሑድ ሳይቀሩ ተቀመጡላቸው። በክብረ በዓል ቀን ደግሞ ነጠላቸውን ለብሰው ወደ ደብራቸው ይሄዳሉ። ማተባቸው ከአንገታቸው አልወረደም፤ ሻርፑ ይሸፍነው ነበር። ዱሬቲ ታውቃለች። ዝም ማለት ከሥራዋ ክፍሎች አንዱ ሆኖ ነበር።

ዛሬ ሐሙስ የአዳራሹ ግቢ በር ላይ በቆሎ የጫነ አይሱዙ ቆሟል። የእማማ ልጅ ሀብተሥላሴ የተደወለለት ባኮ እያለ ነው፤ ጭነቱን እንኳ ሳያራግፍ መጣ። አሁን ግቢው ውስጥ ሲገባ ከደብሩ እየተመለሰ ነበር።

"ዱሬ፣ አባ ጋ ደርሼ መጣሁ።"

"እሺ ጋሽ ሀብቴ?"

"እሳቸውስ ደግ ናቸው። 'እናትህ ማተቧን አልበጠሰችም፣ እኔ ንስሐ አባቷ አውቃለሁ' አሉ። ያስቸገሩት የሰበካ ጉባኤው ሰዎች ናቸው። 'ከተማው ሁሉ አዳራሽ የፊት ወንበር ላይ ሲያያት ነው የከረመው። ከፈረንጆቹ አባላችን አይደለችም የሚል ደብዳቤ አምጣ፣ ማኅተም ያለበት' አሉኝ።"

"ኮሪያ ፈረንጅ ነው እንዴ?"

"ለነሱ ከጊንጪ ማዶ ያለ ሁሉ ፈረንጅ ነው።" ሊስቅ ፈልጎ ተወው። "ቀብሩ ዘጠኝ ሰዓት ተብሎ ጥሩምባ ተነፍቷል። የእድሩ ልጆች ዶማና አካፋ ይዘው በር ላይ ተቀምጠው 'የት እንቆፍር?' ይሉኛል። ሃያ ዓመት ስነዳ መንገድ ጠፍቶኝ አያውቅም፣ ዱሬ። ዛሬ እናቴን የት እንደማደርሳት አላውቅም።"

ዱሬቲ ከበሩ ውጭ ወደ ቆመው አይሱዙ ተመለከተች።

"ትናንት አብረሻት ነበርሽ አይደል? ምን አለች?"

"'ከሀብቴ አባት ጎን' አሉ። ሌላ ምንም።"

ሀብተሥላሴ በመዳፉ ፊቱን ጠረገ። "እንግዲያው ደብዳቤውን አምጪልኝ። ጥያቄ አላበዛብሽም፣ መኪናው ውስጥ ነኝ።"

ቢሮውና ወጥ ቤቱ አንድ ክፍል ናቸው፤ በመሐል መጋረጃ አለ። መጋረጃው ተገልጦ ነበር። ሱንሂ ሳፋ ላይ አጎንብሳ ጎመን ታሻለች። በርበሬውን እማማ ዘነበወርቅ ናቸው ደልዘው ያመጡላት። ሁለቱ የጋራ ቋንቋ አልነበራቸውም፤ ሳፋው ዳር ተቀምጠው አንዷ በኮሪያኛ ሌላዋ በአማርኛ ሰዓታት ያወሩ ነበር፤ ለዚህ ሥራ ዱሬቲን ጠርተዋት አያውቁም።

ፓስተሩ የዱሬቲን ቃል እስከ መጨረሻው ሰማ። ከዚያ መዝገቡን ገልጦ ጣቱን ቁጥር አንድ ላይ አደረገ።

"ሁለት ዓመት፣ በየእሑዱ። እሳቸው አባል ካልሆኑ እዚህ አባል ማን ነው?"

"አልተጠመቁም፣ ፓስተር። ሦስት ጊዜ ቀጠሮ ተይዞላቸው ሦስቴም የሁሉቃ ውኃ ይበርዳል ብለው ቀሩ።"

"ወንዙ እኮ በእርግጥ ይበርዳል።"

"ሚያዝያም ይበርዳል ብለዋል።"

"ዱሬቲ፣ ይህን መፈረም መካድ ነው። ሰው በሬሳ ላይ ቆሞ አላውቅም ይላል? ትልቁን የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን እንለምን፣ እነሱ መቃብር አላቸው።"

"ደውያለሁ። የራሳቸውን ምእመን ብቻ ነው የሚቀብሩት። ደግሞ ባላቸው የተቀበሩት እዚያ አይደለም።"

"ባልና መቃብር የሥጋ ጉዳይ ነው። እኔ የማስበው ስለ ነፍሳቸው ነው። ወደዚህ የመጡት ተጠርተው ነው፤ አንቺ ራስሽ ተርጉመሽልኛል።"

ዱሬቲ የጠረጴዛውን ጠርዝ ያዘች። ሁለት ዓመት ሲያሳክካት የነበረ ነገር ነበር፤ ሲወጣ ግን ቀላል ሆኖ ወጣ።

"በትክክል አልተረጎምኩትም።"

"ምኑን?"

"መዝሙሩ ጠራኝ አላሉም። 'ሁለት ሰው ባዶ ቤት ውስጥ ሲዘምር ሰምቼ አሳዘኑኝ፣ ሰው የላቸውም፣ ልቀመጥላቸው' ነው ያሉት። እኔ ነኝ የቀየርኩት። ደስ እንዲልዎት።"

የሱንሂ እጅ ሳፋው ውስጥ ቆመ። እንግሊዝኛ ሲነገር የማትሰማ ትመስላለች እንጂ ትሰማለች።

ፓስተሩ ጣቱን ከመዝገቡ ላይ አነሳ። የተቆጣ አይመስልም ነበር፤ ቁጣ ቢሆን ለዱሬቲ ይቀልላት ነበር። "እንግዲያው እኔ እዚህ ሁለት ዓመት ምን ስሠራ ነው የኖርኩት?" አለ።

"አላውቅም። ዛሬ ጥያቄው ግን ስለ እርስዎ አይደለም።"

ያኔ ሱንሂ ቀና ሳትል በኮሪያኛ አንድ ነገር ተናገረች። አጭር ነበር። ፓስተሩ አንገቱን ደፋ። ዱሬቲ ጠበቀች፤ የተረጎመላት ግን አልነበረም።

"ልጸልይበት" አለ በመጨረሻ፣ ተነስቶ። "ከሰዓት በኋላ እንነጋገራለን።"

"ከሰዓት በኋላ ቀብር ነው።"

መዝገቡን እንደተገለጠ ትቶ ወደ አዳራሹ ወጣ።

ዱሬቲ በእሱ ወንበር ተቀመጠች። የቤተ ክርስቲያኑ ስም የታተመበትን ወረቀት ከመሳቢያው አውጥታ በእስክሪብቶ ጻፈች፦ ወይዘሮ ዘነበወርቅ በዚህ ቤተ ክርስቲያን አልተጠመቁም፤ የአባልነት ቅጽ ላይም አልፈረሙም። ደግማ አነበበችው። ሐሰት የለበትም። እንደዚያም ሆኖ እውነቱ ሁሉ አልነበረም፤ የፊተኛውን ወንበር የሚገልጽ ቃል አላገኘችለትም። ለሰበካ ጉባኤው ይህ ይበቃዋል። ፊርማው ቦታ ላይ የራሷን ስም፣ ከሥሩ "አስተርጓሚና ጸሐፊ" ብላ ጻፈች።

ማኅተሙ ከሱንሂ ወንበር አጠገብ፣ መደርደሪያው ላይ ነው። ያለ ፓስተሩ ፈቃድ አይነካም፤ ዱሬቲ ስትቀጠር መጀመሪያ የተነገራት ደንብ ይሄ ነበር።

ተነስታ እጇን ዘረጋች። ሱንሂ አየቻት። ከዚያ በርበሬ የነካ እጇን ይዛ ወደ ገንዳው ዞረችና ቧንቧውን ከፈተች። ውኃ ከሄደ ሦስተኛ ቀኑ ነበር። ምንም በማይወርድበት ቧንቧ ሥር እጇን ዘርግታ፣ ጀርባዋን ሰጥታ፣ ማኅተሙ ወረቀቱ ላይ ሲያርፍ እስኪሰማ ድረስ ቆመች።

ዱሬቲ ወረቀቱን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ማኅተሙን መዝገቡ ላይ፣ ቁጥር አንድ ላይ አስቀመጠችው። ከቁልፍ መያዣዋ የአዳራሹንና የቢሮውን ቁልፍ ፈትታ ከጎኑ አኖረች። ቅዳሜ የሚጀምረውን የአዲስ አማኞች ትምህርት አሰበች፤ የሚተረጉም ሰው ይፈልጋሉ። የክፍል ጓደኞቿ ሦስት ዓመት ሥራ ሲፈልጉ መኖራቸውንም አሰበች። ቁልፎቹን መልሳ አላነሳቸውም።

አዳራሹ ውስጥ ፓስተሩ መዘመር ጀምሮ ነበር፣ ብቻውን፣ በኮሪያኛ። ድምፁ ከባዶዎቹ ወንበሮች እየተመለሰ ይመጣል። ዱሬቲ ደጃፉ ላይ አፍታ ቆመች። መንገዱ ላይ አይሱዙው ሞተሩን አስነሳ።

ወጣችና በሩን ዘጋችው።